እትዬ ካምቢዮና የወንድሟ መኪና

ስሟ ሌላ ነው፤ የጋራዡ ሰፈር ግን በማርሽ ሣጥኑ ስም «እትዬ ካምቢዮ» ብሎ አውጥቶላታል፤ እሷም ለምዳዋለች። ሙያውን የተማረችው ከአባቷ ነው፤ በቤንዚን በሚሠራውና ማርሹን ራሱ በሚቀይረው አሮጌ ጭነት መኪናው ሆድ ሥር በጀርባዋ ተኝታ። አባትየው ሲሞት መኪናው ለታላቅ ወንድሟ ሆነ። ይባስ ብሎ ወንድምየው «የአባታችንን የመፍቻ ሣጥን ሰርቃለች» ብሎ በዘመድ ፊት ስሟን አጠፋ። ሣጥኑ ዓመት ቆይቶ ከራሱ መኪና ወንበር ሥር ተገኘ፤ ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ተዘጋግተዋል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ያ መኪና በገመድ እየተጎተተ ጋራዡ ደጃፍ ደረሰ። ወንድሟ ወርዶ ግድግዳውን እያየ፣ «ደህና አደርሽ» አለ።

«ምን ልርዳዎት?» አለችው።

«እርስዎ» መባሉ እንደ ጥፊ አረፈበት። «ምን ሆነሻል? እኔ ነኝ እኮ!»

«ደንበኛ ሁሉ ለእኔ አንድ ነው። መኪናው ምን ሆነ?»

ጥርሱን ነከሰ። «ማርሽ አልቀይር ብሏል። ሞተሩ እስኪጮህ አንደኛ ላይ ይቆይና፣ ሲቀይር እንደ በቅሎ ይራገጣል። ትናንት ጭራሽ አልሄድም አለ። ሦስት ጋራዥ አሳይቼዋለሁ፤ ካምቢዮው አልቆለታል፣ ይውረድና ይበተን አሉኝ።»

«ታዲያ ወደዚህ ምን አመጣዎት?»

«እናታችን ናት መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣችኝ። በፈቃዴ የመጣሁ እንዳይመስልሽ።»

«እኔም ለእርስዎ ብዬ አይደለም የምነካው» አለችና ኮፋኖውን ከፈተች።

የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ስትመዘው ጫፉ ብቻ ረጥቧል። ዘይቱን በሁለት ጣቷ አሽታ አሸተተችው። ቀይ ነው፤ የተቃጠለ ሽታ የለውም፤ ዝቃጭም አልያዘም። ካምቢዮው አልቆለት ቢሆን ዘይቱ እንዲህ ንጹሕ አይሆንም ነበር።

«ዘይት በስንት ጊዜው ይጨምራሉ?»

«በየሳምንቱ።»

«የት ይገባል?»

«እሱን ባውቅ አንቺ ጋ ምን አመጣኝ? መሬት ላይ ጠብ አይልም!»

«ጭስስ?»

«ነጭ ጭስ ይተፋል። ሞተሩም ሄዷል ብለውኛል።»

ካርቶን አንጥፋ ከሥር ገባች። በካምቢዮው ጎን የጣሳ ክዳን የምታክል ክብ ቆርቆሮ አለች፤ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኛት አንድ ቀጭን ቱቦ ነው። ሞተሩ በቱቦው አየር እየሳበ ምን ያህል እንደከበደው ለካምቢዮው ይነግረዋል፤ ካምቢዮውም በዚያ ልክ ማርሽ ይቀይራል። በቆርቆሮዋ ውስጥ ያለው ስስ ላስቲክ ከተቀደደ ግን ነገሩ ይዛባል፤ ሞተሩ በአየር ፈንታ የካምቢዮውን ዘይት እየመጠጠ ያቃጥለዋል። ቱቦውን ነቀለችው። ቀይ ዘይት ክንዷ ላይ ተንጠባጠበ።

«ይምጡና ይዩ።»

«ከዚህ ይታየኛል።»

«ቆመው አይታይም። ዝቅ ይበሉ።»

እያጉረመረመ ተንበረከከ። «በዚች ቆርቆሮ? ሦስት ወንዶች ያላዩትን አንቺ አየሽው?»

«ሦስቱም ቱቦውን አልነቀሉትማ።»

«አንቺ ራስሽ ያፈሰስሽው እንደሆነስ? በምን አውቃለሁ?»

ከሥር ወጣችና መፍቻውን ከእግሩ አጠገብ ወረወረችው። «እንግዲያው እየጎተቱ ይውሰዱት!»

እሱ ንቅንቅ አላለም፤ እሷም አልደገመችም። በመጨረሻ መፍቻውን ያነሳችው የአባቷን መኪና በገመድ እየተጎተተ ሲወጣ ለማየት አንጀቷ ስላልቻለ ነው።

ከጋራዡ ጓሮ ከተጣለ ካምቢዮ ላይ ያችኑ ዓይነት ቆርቆሮ ፈታች። አፏ ላይ አድርጋ አየሯን ሳበችና ቀዳዳውን በምላሷ ደፈነችው፤ ቆርቆሮዋ ምላሷን ይዛ ቀረች። ላስቲኩ ጤነኛ ነው። ቆርቆሮዋን ገጠመች፣ ቱቦውን ለወጠች፣ ዘይት ሞላች፣ ሞተሩ እየሠራም ደግማ ለካች።

ሊፈትኑት ሲወጡ መሪውን እሱ ያዘ። ገና ከመንደሩ ሳይወጡ፣ «አሁንም ያጨሳል!» ብሎ ጮኸ።

«ጭስ ማውጫው ውስጥ የቀረው ነው። ትንሽ ይታገሡ።»

«ትዕግሥት አታስተምሪኝ! አባባ መኪናውን ለምን ለእኔ እንደተወው ታውቂያለሽ? ‹እሷ እጅ አላት፣ አንተ ግን ምንም የለህም› አለኝ። በመጨረሻ ሰዓቱ! ለልጅ እንዲህ ይባላል?»

ይህን አታውቅም ነበር። ለአፍታ አንጀቷ ሊባባ ዳዳው፤ ወዲያው ግን ደሟ ፈላ።

«አባባ ስለተናገረህ ነው እኔን ሌባ ያደረግኸኝ?»

«ተናድጄ ነበር።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ?»

እንዲህ ሲጯጯሁ መኪናው ሁለተኛን፣ ከዚያም ሦስተኛን ቀየረ፤ ሳይጮህ፣ ሳይራገጥ። በመስታወቱ ሲያይ ጭሱም የለም። ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቀየረ» አለ።

«ይቀይራል እንጂ! አቁመው፣ እወርዳለሁ።»

«ጋራዡ እኮ ሩቅ ነው።»

«አቁም አልኩህ!»

አቆመ። ወረደችና በዚያ ሁሉ ፀሐይ በእግሯ ተመለሰች። በመንገድ እልህ አስለቀሳት፤ እንባዋን በክንዷ ስትጠርግ ፊቷ ዘይት በዘይት ሆነ፤ አላፊ አግዳሚው ዞር እያለ አያት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መኪናውን አንድ ቅጥር ሾፌር ዘይቱን ሊያስለካ ይዞት መጣ። መለኪያውን መዘዘች፤ ዘይቱ ጠብታ አልጎደለም።

«ጌታዬ ከእርስዎ ሌላ ማንም እንዳይነካው ብለዋል» አለ ሾፌሩ።

«እኔን ማን ናት አለህ?»

«አንዲት ጎበዝ መካኒክ አለች ነው ያሉኝ።»

«እህቴ ናት አላለህም?»

ሾፌሩ ደነገጠ። «ኧረ አላሉኝም!»

እትዬ ካምቢዮ ኮፋኖውን ጓ አድርጋ ዘጋችው። «ሂድ፣ ዘይቱ ደህና ነው በለው። ሌላ መልእክት የለኝም።»