ውሃ የምትፈራው ባቡር ነጂ

ሚናቲ ሳሁ ሆዷ ከደረቀ ሳምንት ሊሞላው ነው። ለነገሩ አዲስ አይደለም፤ ረዳት ነጂ ሆና የከሰል ባቡር ላይ ከወጣች ወዲህ ሆዷ እንደ ሰው ሆድ ሠርቶላት አያውቅም። እንዴት ይሥራ? ነጂዎቹ በሚቀመጡበት ጋቢና ውስጥ ሽንት ቤት የሚባል ነገር የለም። ወንዶቹ ባቡሩን ቀይ መብራት በያዘው ቁጥር ወረድ ይሉና መንኮራኩሩን ተገን አድርገው፣ ቀበቷቸውን እያጠበቁ ይመለሳሉ። እሷ ግን ትውረድ ከተባለ ባቡሩ ሽንት ቤት ያለው ጣቢያ ላይ ቆሞ መያዝ አለበት፤ ባቡር የሚያዘው ደግሞ ምክንያቱ በሬዲዮ ሲነገር ነው፤ ሬዲዮውን መስመሩ ላይ ያለ ነጂና የጣቢያ ሹም ሁሉ ይሰማዋል። ያን ሁሉ የወንድ ጆሮ እየፈራች ሚናቲ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ባቡር አስይዛ አታውቅም።

መፍትሔዋ አለመጠጣት ነው። በሙቀቱ ወራት በሕንዷ ሳምባልፑር ከተማ ያለ ሰው ሁሉ ፓካላውን፣ ውሃ ውስጥ ያደረውን ሩዝ፣ ከነውሃው ጭልጥ ሲያደርግ እሷ ውሃውን በመዳፏ ጨምቃ ደረቁን ሩዝ ትውጣለች። የባሏ እናት ሱሎቻና ይህን ባዩ ቁጥር ደማቸው ይፈላል። የኛ ምራት የምትበላው የዶሮ ጥሬ ነው እያሉ፣ እሷ እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለጎረቤት ያወራሉ።

ታዲያ ያን ሰሞን ሆዷ ጭራሽ እምቢ ሲል ሱሎቻና የሰናመኪ ቅጠል አፍልተው አመጡላት።

"ጠጪው። እስከ ነገ ጠርጎ ያወጣዋል።"

"ነገ ስንት ሰዓት ላይ?"

"እሱንማ ሆድሽን ጠይቂ፤ እኔ የባቡር ሰዓት አላወጣለትም።"

ሱሎቻና ሳቁ። ሚናቲ ግን ሰዓቱን አሰላች። በማግስቱ ማለዳ ተረኛ ናት። ቁርጠቱ በሁለት ጣቢያ መካከል ቢነሳባት፣ ዋናው ነጂ ባንሺዳር አጠገቧ ተቀምጠው፣ ያን ሁሉ ከሰል ከኋላ እየጎተቱ፣ ወዴት ትገባለች? ብርጭቆውን ተቀብላ ሱሎቻና ዘወር ሲሉ ቦዩ ውስጥ ደፋችው።

መድኃኒት ቤት ብትሄድም ያው ሆነባት። ሻጩ ትንንሽ ቢጫ እንክብሎች አሳያትና ከዋጥሽው በኋላ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስቀምጥሻል አላት። ማታ ብትውጠው እኮ ማለዳ ባቡሩ ላይ ሊነሳባት ነው። እጇን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበች። ቀጥሎ እስባጎል አወጣላት፤ በውሃ በጥብጠው የሚጠጡት የዘር ገለባ ነው። ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው፣ ድንገት አያጣድፍም አላት። አያጣድፍም! ሚናቲ የምትፈልገው ይህችን ቃል ነበር። በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ጠጪው፣ ሌላም ድገሚበት፣ ቀኑንም ውሃ አይለይሽ ማለቱን ጆሮዋ ሰምቷል፤ ልቧ ግን አልተቀበለም። ጉድ እኮ ነው፣ ውሃ ፈርታ ለታመመችው በሽታ ውሃ ታዘዘላት። ቤቷ ገብታ ገለባውን በማንኪያ ቃመችና በሁለት ጉንጭ ውሃ አወረደችው። ገለባ ምን ያደርጋል ብላ ነው።

ምን እንደሚያደርግማ አየችው። ቀን በቀን በቃመች ቁጥር ሆዷ እየተነፋ ሄደ፤ በመጨረሻ ፈስ እንኳ ማለፊያ አጣ። አንድ ቀን ከሥራ ተመልሳ ደጃፏ ላይ አስመለሳትና በጉልበቷ ተደፋች። እውነተኛ ፍርሃት የያዛት ያን ጊዜ ነው። መሞቴ ነው አለች በልቧ፤ በሽንት ቤት እጦት ልሞት ነው። ሱሎቻና ራሳቸው ባለሦስት እግሯን ታክሲ፣ ሪክሻ፣ ጠርተው፣ አቅፈው ደግፈው ሐኪም ቤት አደረሷት።

ዶክተር ላሊታ የምትባለዋ ሐኪም ሆዷን ጫን ጫን እያደረገች መረመረቻትና ራጅ አስነሳቻት። አንጀቷ ጨርሶ አልተዘጋም፤ ለመዘጋት ግን ጥቂት ነበር የቀረው። ከታች በሚገባ መድኃኒት አጥበው እስኪያወጡላት ድረስ ሚናቲ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ለአምላኳ ለጌታ ጃጋናት ስለት ስትሳል ቆየች። ሲያልቅ ዶክተሯ ገለባውን በምን ያህል ውሃ እንደወሰደችው ጠየቀቻት። ሚናቲ መሬት መሬት እያየች ነገረቻት።

"ገለባው ውሃ ጠጪ ነው" አለች ዶክተሯ። "ካላጠጣሽው አንጀትሽ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ይረጋል።"

"ውሃ የማይፈልግ ሌላ ይስጡኝ፣ ዶክተር።"

"የለም። ሽሮፕ እሰጥሻለሁ፤ እሱም የሚያለሰልሰው ውሃ ወደ አንጀትሽ ስቦ ነው። ሳትጠጪ ከየት ይስብ? ሲመጣብሽም አትያዢው። በዚህ ከቀጠልሽ የምንገናኘው ቢላ ይዤ ነው፤ እሱም በጊዜ ከደረስሽ።"

ወደ ሥራ በተመለሰች ቀን ሚናቲ ፓካላዋን ከነውሃው ጠጥታ፣ ትልቅ ኮዳ አንጠልጥላ ጋቢና ወጣች። ባንሺዳር ጡረታቸው የደረሰ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ኮዳውን አዩና ዓይናቸውን ወደ ሐዲዱ መለሱ።

ካንታፓሊ ጣቢያ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ሆዷ ተገላበጠ። ሕመም አይደለም። ስንት ሳምንት የናፈቀችው ነገር ነው፤ የመጣው ግን እንዳይመጣባት በምትፈራው ቦታ ነው። ትያዘው? ጥርሷን ነክሳ መያዝ እንደሆነ ታውቅበታለች፤ ለዓመታት የኖረችበት ነው። ቢላው ታያት።

"ጋሼ፣ ካንታፓሊ ላይ ያስይዙልኝ።"

ሽማግሌው ሬዲዮውን አንስተው አፋቸው ዘንድ ካደረሱት በኋላ ግን ቃሉ አልወጣ አላቸው፤ ሳል ጀመራቸው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እሳቸውም አፈሩ። ሚናቲ ሬዲዮውን ወሰደችባቸው።

"ካንታፓሊ፣ የከሰሉ ባቡር ረዳት ነጂ ነኝ። ሽንት ቤት መሄድ አለብኝ። ያዙን።"

መስመሩ ላይ የት እንዳለ የማይታወቅ አንድ ነጂ ሳቀ። ይህን ሳቅ ነው ያን ሁሉ ዓመት ስትፈራ የኖረችው፤ አሁን ጆሮዋ ውስጥ ገባ። የጣቢያው ሹም ጠየቃት።

"ለስንት ደቂቃ?"

ሚናቲ ባንሺዳርን አየቻቸው፤ እሳቸውም አያውቁም። እስከ ዛሬ ይህን የተጠየቀ ሰው የለም።

"እስክጨርስ" አለች።

በዚህኛው የሳቀ የለም። ወዲያው የካንታፓሊ መብራት ለመቆም ተዘጋጁ ወደሚለው ቢጫ ተቀየረና ባንሺዳር ፍሬኑን ያዙ። ባቡሩ ሲቆም ሚናቲ መሰላሉን ወረደች፤ ከኋላ በመስመሩ ላይ ያለው ባቡር ሁሉ ቆሞ ጠበቃት።