አኮ ዓሣ የበላችበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ጭሮ ገበያ ውስጥ አንድ ሰው ከአዋሽ በኩል ያመጣውን ዓሣ በበረዶ ሳጥን ባጃጅ ላይ ጭኖ ሲሸጥ አገኘሁትና ሁለት ገዛሁ። ቤት ገብቼ ቧንቧው ሥር ቆሜ ቅርፊቱን ስፍቅ፣ አንዷ ቅርፊት ተፈናጥራ እጄ አንጓ ላይ ተለጠፈች። በመስኮት የገባው ፀሐይ ሲያርፍባት አብለጨለጨች። ያ እርጥብ ጭቃና የተቆረጠ ሣር የሚመስለው ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው ቢላውን አስቀመጥኩ።

አንተ የባሕር ዳር ልጅ ነህ፤ ዓሣ ላንተ የዘወትር ምግብ ነው። እኛ ቤት ግን ዘጠነኛ ክፍል እስክደርስ ድረስ ዓሣ አይበላም ነበር። እንዴት መብላት እንደጀመርን ልንገርህ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሱቁ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ መኪኖች ወደ ሐረር ከሚያልፉበት መንገድ ዳር ነበረች። ረጋ ያለ ሰው ነው። ነገር ግን ምሳ ተጋብዞ ዓሣ ከታዘዘ ሰበብ ፈልጎ ይነሳ ነበር። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። በወጣትነቱ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሥራ ፍለጋ አሰብ ወርደው፣ አንዲት ትንሽ የዓሣ ጀልባ ላይ በተራ ይሠሩ ነበር፤ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው። አንድ ቀን አጎቴ ወጣ። ጀልባዋ ስትመለስ እሱ አብሯት አልተመለሰም። ሬሳውም አልተገኘም። አባቴ ብቻውን ወደ ጭሮ መጥቶ ለእናቱ እንዲህ ሲል ነገራት፦ ተራው የሱ ነበር፤ የጀልባው ሰውዬ በንፋስ ይዞት ወጣ፤ ባሕሩ በላው።

«ወንድሜን የበላ ነገር እኔ አልበላም» ይል ነበር አባቴ። ከዚህ ሌላ ስለ አሰብ አንድም ቃል አይወጣውም።

እናቱን አኮ ነበር የምንላት፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አብራን ትኖር ነበር። ስለ ሞተው ልጇ አታወራም፤ ብቻ ከሶላት በኋላ ዱዓዋን ስትጨርስ ስሙን ዝቅ ባለ ድምፅ ትጠራዋለች። እኔ በልጅነቴ ስሙ የዱዓው ክፍል ይመስለኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት መልስ አባቴ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ እየተከልኩ ሳለ፣ ፀሐይ ያከሰለው ረጅም ሰው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። በእጁ ውሃ የሚንጠባጠብ ፌስታል ይዟል። «አሰላሙ አለይኩም» አለ። አባቴ ቀና ብሎ አየውና ፊቱ ልክ እንደ አመድ ሆነ። ከዚያ መልሶ ወደ ስፌት መኪናው አቀረቀረ። መኪናው ከወትሮው በላይ መጮህ ጀመረ።

«ቦርደዴ ነው ያለሁት» አለ ሰውዬው፤ አነጋገሩ የወሎ ነበር። «ኩሬ ቆፍሬ ዓሣ አረባለሁ። አንድ ቀን ኑና ብሉ።»

«ሥራ ላይ ነኝ» አለ አባቴ።

ሰውዬው ጥቂት ቆሞ ፌስታሉን ደፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ። አባቴ ሳያየኝ «ጣይው» አለኝ። አንስቼ ወጣሁ፤ መጣሉ ግን አላስቻለኝም። ሮጬ መኪና ተራው ጋ ደረስኩበትና ፌስታሉን መለስኩለት። ተቀበለኝና «እናቱ አሉ?» አለኝ።

«አሉ።»

«በሕይወት?»

«እኛ ጋ ነው ያሉት።»

ሌላ ነገር የሚጨምር መስሎኝ ነበር። «ሰላም በይልኝ» ብቻ ብሎ ወደ ሚኒባሱ ገባ።

ሰላምታውን ለአኮ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ሰውዬው ዓሣ ይዞ እንደመጣና የአባቴ ፊት እንደተለወጠም ነገርኳት። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አኮ መቁጠሪያዋን መቁጠር አቆመች። «የጀልባው ሰው?» አለችኝ። ሦስት ቀን ያህል እህል እምብዛም አልቀመሰችም። በአራተኛው ቀን ጠዋት አባቴን ጠርታ «ወደዚያ ሰውዬ ውሰደኝ» አለችው።

«ምን ልትይው ነው?»

«አንድ ነገር ልጠይቀው ነው።»

«እኔን ጠይቂኝ።»

«አንተ አታውቀውም» አለች አኮ። «አንተ እዚያ አልነበርክም።»

አባቴ ጃኬቱን አንስቶ ወደ ደጅ ወጣ። ያኔ የተቆጣ መስሎኝ ነበር።

አርብ ነበር፤ ትምህርት ቤት ቀርቼ አብሬያቸው ሄድኩ። አኮ አማርኛ ብዙም አትችልም፣ ሰውዬው ደግሞ ኦሮምኛው የመንገድ ኦሮምኛ ነው፤ አስተርጓሚ ያስፈልጋት ነበር። አባቴ ያንን ሥራ ለኔ ተወልኝ። ሚኒባሱ ከጭሮ ቁልቁል ሲወርድ ቅዝቃዜው እየለቀቀን መጣ። በየተራራው ጎን የተደረደረው የጫት ማሳ አለቀና ግራር ተተካ። ሚኤሶ ስንደርስ አኮ ሻሿን አላላች። በመስኮት የሚገባው አየር ትኩስ ነበር፤ የከሰልና የግመል ሽታ አለው። አባቴ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ቦርደዴ እስክንገባ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ አልዞረም።

ኩሬው ከከተማው በባጃጅ ትንሽ ገባ ይላል፤ በእሾህ አጥር የተከበበ ነው። ባሕር አልነበረም፤ ወደብም አልነበረም። ከወንዝ በቦይ የሚመጣ ውሃ የሚጠራቀምባቸው፣ ጥቁር ላስቲክ የተነጠፈባቸው ሁለት ጉድጓዶች ናቸው። ዳሩ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት የተከለለ ዳስ፣ ከዳሱ ሥር የላስቲክ ወንበሮችና አንድ ጠረጴዛ አሉ። የጭነት መኪና ሹፌሮች ከመንገድ ወጣ ብለው የሚበሉበት ቦታ ነበር። አንዱ ጥግ ላይ ሰውዬው በርሜል መሬት ውስጥ ቀብሮ፣ ውስጡን በጭቃ ለብጦ የሠራው ምድጃ ይነድዳል። አሰብ ውስጥ የመናውያን እንዲህ ሲጠብሱ አይቶ የተማረው ነው።

ሰውዬው አኮን ሲያይ የያዘውን መረብ ጥሎ መጣ። ጎንበስ ብሎ እጇን ሳመ፤ እሷም ጭንቅላቱን ሳመችው። አባቴ ከሩቅ ሰላም ብሎ ወንበር ጎትቶ ኩሬው አፋፍ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ።

ሰውዬው መረቡን ሲያወጣው ቆሮሶ የሚባሉት ዓሦች ተንደፋደፉ፤ ውሃው እኛ ላይ ተረጨ። አኮ በሕይወቷ የሚንቀሳቀስ ዓሣ አይታ አታውቅም።

«አይታረድም እንዴ?» አለችኝ፤ ጠየቅኩላት።

«አይ እናቴ፣ ዓሣ ሳይታረድ ሐላል ነው» አለ ሰውዬው እየሳቀ።

እዚያው ቅርፊታቸውን ፍቆ፣ በጀርባቸው ሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ዘረጋቸው። ጨውና በርበሬ ቀባቸውና በሽቦ በርሜሉ ውስጥ ሰቀላቸው። ስቡ ፍሙ ላይ እየተንጠባጠበ ሲንጫጫ፣ በርበሬው ሲያር የወጣው ጭስ ዓይኔን አቃጠለኝ፤ ሆዴ ግን ጮኸ። እስከ ዛሬ ብዙ ቦታ ዓሣ በልቻለሁ፤ እናንተ አገር ሐይቅ ዳርም በልቻለሁ። ያንን ሽታ ግን ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

ዓሣው በትልቅ ትሪ፣ ትኩስ ዳቦና ሎሚ ተደርጎበት ቀረበ። ማንም እጁን አልዘረጋም። አኮ ሰውዬውን ትክ ብላ አይታ በኦሮምኛ ተናገረች። እኔ ተረጎምኩ።

«ያን ቀን ጠዋት ልጄ በልቶ ነው የወጣው ወይስ በባዶ ሆዱ? እያሉ ነው።»

ሰውዬው የሚቆርጠውን ሎሚ አስቀመጠ። «ይህን ነው የሚጠይቁኝ?»

«አዎ።»

«በልቷል በያቸው» አለ። ከዚያ እንድተረጉም ጊዜ እየሰጠኝ ቀስ ብሎ ቀጠለ። «ስንነሳ ሻይ በዳቦ በላን። ረፋዱ ላይ አንዲት ደሴት ጥግ ቆምን። እዚያ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚያድግ ዛጎል አለ። በቢላ ፈልቅቀን እንከፍተዋለን። ውስጡ ያለው ሥጋ ለስላሳ ነው፤ ሎሚ ጨምቀንበት እዚያው በጥሬው እንበላዋለን። መጀመሪያ ሰሞን ፊቱን ያጨማድድ ነበር። ያን ቀን ግን የኔን እጥፍ በላ። ‹እናቴ ይህንን ስበላ ብታየኝ ጮኻ ትሮጥ ነበር› እያለ ሲስቅ ነበር።»

ይህንን ተረጎምኩላት። አኮ ሳቀች፤ አፏን በሻሿ ሸፍና ትከሻዋ እስኪናጥ ሳቀች። «እውነቱን ነው፣ እሮጥ ነበር» አለች። ዓይኗን ጠራርጋ «አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቦ ነው የሄደው» አለች።

«ንፋሱ የመጣው ስንመለስ ነው» አለ ሰውዬው ሳትጠይቀው። «ገመድ ሊያስር ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። እጁን ይዤው ነበር፣ በያቸው። እርጥብ ነበር። አመለጠኝ።»

ያንንም ተረጎምኩ። አኮ ራሷን ነቀነቀች። ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር። ያኔ አባቴ ከተቀመጠበት፣ ፊቱን ሳያዞር፣ በኦሮምኛ ተናገረ።

«እናቴ፣ ያን ቀን ተራው የኔ ነበር። እንቅልፍ አሸነፈኝና ‹ዛሬ በኔ ፈንታ ሂድልኝ› አልኩት። እሺ ብሎኝ ሄደ። ጠዋት ንፋስ አልነበረም። በንፋስ ይዞት ወጣ ያልኩሽ ውሸት ነው።»

ኩሬው ዳር ያለው የውሃ ፓምፕ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ሰውዬው አንዴ አባቴን፣ አንዴ እኔን እያየ «ምን አለ?» አለኝ። ይህን ግን አልተረጎምኩለትም። የራሴን አባት ለሌላ ሰው እንዴት ብዬ ልተርጉመው?

ሰውዬው ፊቴን አየና እጁን አነሳ። «ተዪው ልጄ። ገብቶኛል» አለ።

ያን ጊዜ ነው እኔም የገባኝ። ያን ጠዋት ማን መውጣት እንደነበረበት፣ ማን እንደወጣ ያየው እሱ ነው። አባቴ ጥፋቱን በሱ ላይ ማላከኩም ወሬው ሳይደርሰው አይቀርም። አንድ ቀን እንኳ መልስ አልሰጠም። ለምን እንዳልሰጠ ያን ቀን ልጠይቀው አልቻልኩም፤ በኋላም አልጠየቅኩትም።

አኮ ትሪውን ወደ ራሷ ሳበች። «ቢስሚላህ» ብላ ዓሣውን ቆረሰች፤ ዓሣ በልታ ስለማታውቅ አጥንቱ አስቸገራት። አንድ በአንድ እየለቀመች ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። ሥጋውን በጣቷ ደጋግማ ዳብሳ አጥንት እንደሌለው ካረጋገጠች በኋላ አባቴን በስሙ ጠራችው። መጣ። ያ ትልቅ ሰው፣ የአራት ልጆች አባት፣ መጥቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«ኛዹ» አለችው፤ ብላ ማለቷ ነው።

አጎረሰችው። ለረጅም ጊዜ አላመጠ። ሲውጥ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ለሰውዬው አጎረሰች፣ ከዚያ ለእኔ። በመጨረሻ ራሷ ቀመሰችና ጥቂት አስባ፣ «ጨው ይጎድለዋል» አለች። ሳልተረጉምለት ገባው መሰለኝ፣ ሰውዬው ጨው ሊያመጣ ተነሳ።

ከዚያ በኋላ አባቴና ሰውዬው ብዙ ያወሩ ነበር ብዬ ልዋሽህ አልችልም። አባቴ ወር በገባ ቁጥር አንድ አርብ ሱቁን ዘግቶ ቦርደዴ ይወርዳል፤ ማታ ሲመለስ ሸሚዙ ጭስ ጭስ ይላል። ምን አወራችሁ ስንለው «ምንም» ይለናል። ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ ኩሬውን ባጣውም ቦታውን አውቀዋለሁ። ቦዩ ደርቋል፤ አጥሩን ሰው ለማገዶ ወስዶታል።

አኮ በሁለተኛው ዓመት ክረምት ላይ ሞተች። ሴት ልጅ መቃብር ድረስ አትሄድም፤ ቀብሩን የነገረኝ የአክስቴ ልጅ ነው። አባቴ ጀናዛውን ለመቀበል ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። የሴት ጀናዛ የሚቀበለው የቅርብ ዘመዷ ስለሆነ አብሮት ሊወርድ ዘመድ ሁሉ ተዘጋጅቶ ቆሟል። አባቴ ግን ከታች ሆኖ እጁን ወደ ቦርደዴው ሰውዬ ዘረጋ። አንድ ሽማግሌ «ይህ ማነው?» ብለው ጠየቁ። «ወንድሜ ነው» አለ አባቴ፤ ሌላ የጠየቀ የለም።

ሲመለሱ ግን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ሁለቱም እስከ ክርናቸው ቀይ አፈር ለብሰው ግቢያችን ገቡ። አባቴ የውሃው በርሜል አጠገብ ያለውን ጆግ አንስቶ ሰውዬውን አስታጠበው። ሰውዬው እጁን ዘርግቶለት ቆመ። አፈሩ ታጥቦ ካለቀ በኋላም አባቴ ማፍሰሱን አላቆመም፤ ጆጉ ባዶ እስኪሆን ድረስ አፈሰሰለት።