«ማን በላሽ?» ሲሉኝ ዝም ያልሁበት ሕመም

መጀመሪያ የደነዘዘው ግራ እጄ ነው። ዓርብ ገበያ ላይ ገብስ እየሰፈርሁ ነበር። ቁናው ከእጄ ወደቀ። ልቤ ደረቴን ይደበድብ ጀመር። አየር አጠረኝ። ሞትሁ አልሁ።

ተሸክመው ቤቴ አስገቡኝ። የባሌ እህት ቀድማ ደረሰች። ስሟን አልጽፍም፤ እሷ ራሷን ታውቃለች። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ አፍንጫዬ ላይ ደፈነች። በጋቢ ሸፍና አጠነችኝ። አየር ያጣን ሰው፣ በጭስ።

«ለፍልፊ። ማን ነው የበላሽ?»

ዝም አልሁ።

«ሸክላ ሠሪዋ ናት አይደል? ጠዋት ገብስሽን ስታይ ነበር። በይ ጥሪያት።»

በእኛ አገር የታመመ ሰው ስሙን የጠራው ሰው ቡዳ ተብሎ አለቀለት። ጎረቤቴ ሸክላ ሠሪዋ ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት። አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ እሳት የሚያስጭራት፣ ማድጋዋን የሚገዛት አይገኝም። የባሌ እህት ይህን አታውቅም አልልም። ሁለቱ በጓሮ ወሰን የተጣሉት እኔ ከመታመሜ በፊት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ተመላለሰብኝ። ገበያ ተውሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከደጀ ሰላሙ አላልፍም። ጠያቂ ቤቴን ሞላው፤ ሁሉም አፍ አፌን ያያል። የፈራሁት ሞትን ብቻ አልነበረም። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ሳላውቀው ስሟን እንዳልጠራ ነበር።

ልጄ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ወሰደችኝ። የልብ ምት የሚያሳየውን ኢሲጂ ተነሣሁ፤ ደሜና ታይሮይዴ ታየ። ሐኪሙ «እማማ፣ ልብዎ ደህና ነው። ይህ ፓኒክ አታክ ይባላል፤ የጭንቀት ሕመም ነው» አለኝና ባሕር ዳር ካለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በቪዲዮ አገናኘኝ። እኔ አላመንሁም። በስልክ ምኔን ልትዳስስ ነው?

ልጄ ስልኳን ሰጥታኝ ቤቴ ተመለስሁ። ከባለሙያዋ ጋር ገና ንግግር ስንጀምር የባሌ እህት ገብታ ስልኩ ላይ አጎነበሰች።

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ማን እንደበላት አስለፍልፊልን።»

«እናቴ፣ ይህ ጊዜ የእሳቸው ነው። እርስዎ እስኪወጡ እጠብቃለሁ።»

ጠበቀች።  የባሌ እህት «ደግሞ ቡዳ በስልክ ሊወጣ ነው» እያለች ወጣች። ከቤቴ ሰው ሲያስወጡልኝ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየሁ።

ያን ጊዜ ለማንም ያልተናገርሁትን ፍርሃቴን ለባለሙያዋ ነገርኋት። «አእምሮዎ አብሮዎት ነው፤ ሊጠሩት የማይፈልጉትን ስም ሕመሙ አያስጠራዎትም» አለችኝ። እጄ የሚደነዝዘው ትንፋሼ ስለሚፈጥን መሆኑን አስረዳችኝ፤ አየር ሳብ አድርጌ፣ ከሳብሁት አስረዝሜ ቀስ ብዬ እንዳስወጣ እያየችኝ አለማመደችኝ። መስመሩ ሲቋረጥ የምትደውለው እሷ ነበረች፤ የእኔ ሥራ ቁጭ ብሎ መተንፈስ ነበር። ጸበልዎን ይተዉ አላለችኝም፤ ጭሱን ግን እንቢ እንድል መከረችኝ። ገበያም በአንድ ጊዜ አላስገባችኝም፤ መጀመሪያ ከዳር ቆሜ እንድመለስ፣ ቀጥሎ እህል ተራው አጠገብ ጥቂት እንድቀመጥ፣ ሲለቀኝ እንጂ ሲይዘኝ ተነሥቼ እንዳልሄድ ነገረችኝ፤ እንዲሁ እያልሁ ቁናዬን ይዤ ቦታዬ ተመለስሁ።

አንድ ዓርብ እዚያው ያዘኝ። እጄ ደነዘዘ። ሰው ከበበኝ። የባሌ እህት መጣች።

«ይኸው ጀመራት። በይ ጥሪያት።»

ኬሻዬ ላይ ተቀመጥሁ። አየር ሳብሁ። ቀስ ብዬ አስወጣሁ። ደግሜ። ደግሜ። አለፈ።

«የበላኝ ሰው የለም» አልሁ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሕመሜ ጭንቀት ነው። ለጠያቂ ሁሉ ይህን ንገሪልኝ።»

ከማዶ ማሰሮ የደረደረችው ጎረቤቴ ቀና አላለች። ገዢዎቿ ግን ከፊቷ አልተነሡም።

የባሌን እህት ይቅር ብያታለሁ ብዬ አልዋሽም። ያችን ባለሙያ ግን እግዜር ይስጣት፤ በአካል ሳታገኘኝ ከሰው መሀል መለሰችኝ። እናንተም እንዲህ ከያዛችሁ ልባችሁን በሐኪም አስመርምሩ፤ ደህና ነው ካሏችሁ የሚያዳምጣችሁ ባለሙያ ፈልጉ፣ በስልክም ቢሆን። ስታነጋግሩ በራችሁን ዝጉ። ማን በላሽ ሲሏችሁ ዝም በሉ። ጭንቁ ያልፋል፤ የተጠራ ስም ግን አይመለስም።