ቡሹ ሲጋደም

ዴልመር ታኬት አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ደንበኞችን በጀልባ እየወሰደ ዓሣው ያለበትን የሚያሳይ ዓሣ አስጠማጅ ሆኖ ኖሯል። አጥማጅና አስጠማጅ ለየቅል ናቸው፤ አጥማጁ ዓሣ ቢያጣ የሚያዝነው ለራሱ ነው፣ አስጠማጁ ግን ዕድሜውን በሙሉ ሌላው ሰው ባዶ እጁን በመመለሱ ይቅርታ ሲጠይቅ ይኖራል። ዴልመር ይቅርታ መጠየቅ ስለማይወድ ሐይቁን በልቡ አጠናው። ሐይቁ፣ ዴል ሆሎው፣ በአሜሪካዋ ቴነሲ ኮረብቶች መካከል የተኛ ጥልቅና ጥርት ያለ ውኃ ነው። ግድቡ ከመሠራቱ በፊት ሸለቆ ነበር፤ የዴልመር አያት የትምባሆ ማሳም ከነአጥሩ ዛሬ ከውኃው በታች ነው። አያቱ እስኪሞቱ ድረስ ሐይቁን «ያ ጎርፍ» ከማለት በቀር በስሙ ጠርተውት አያውቁም። የልጅ ልጃቸው ግን የሰጠመውን መንገድ፣ የአጥሩን ካብና የጎተራውን መሠረት አንድ በአንድ ያውቃል። ባስ የተባለው ነሐስ መሳይ ዓሣም እንደ ድሮው ገበሬ ከአጥሩ መራቅ አይወድም።

ባለፈው መጋቢት የዓይን ሐኪሟ የነገረችው አጭር ነበር። የእይታው መሐል እየደከመ ነው፤ ዳር ዳሩን ያያል፣ ትኩር ብሎ የተመለከተውን ግን ያጣዋል። መኪና መንዳት እንዲያቆም አዘዘችው። ስለ ጀልባ ምንም አላለችም። ዴልመርም አልጠየቃት፤ ያልተጠየቀ ነገር አልተከለከለም ብሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሐይቁ የምታደርሰው ሚስቱ ኦፓል ናት። ለጠየቀው ሁሉ የመኪናዬ ማርሽ ተበላሽቷል ይላል። ይህን ምክንያት አጥብቆ የሚከታተል አንድ ሰው ቢኖር የጀልባ ማቆሚያው ባለቤት ቡፎርድ ነበር።

«ያ ማርሽ አሁንም አልመጣም?»

«ታዟል።»

«ከየት፣ ከጨረቃ? አምጣው እባክህ፣ እኔ ልፍታው።»

«አንተ የፈታኸው ነገር መቼ ተመልሶ ተገጥሞ ያውቃል?»

ሚያዝያ ላይ ባስ ለመራባት ወደ ዳርቻው ይወጣል፤ ወንዱ በጅራቱ ጠጠር ጠርጎ ጎጆውን ያበጃል። በዚህ ወቅት የአስጠማጅ ሥራ ቆሞ ማየትና መጠቆም ነው። ዴልመር ያላየውን ከትዝታው እየቀዳ ጠቆመ። ዓሦቹም በየዓመቱ ወደዚያው ስፍራ የሚመለሱ ደጋጎች ስለሆኑ ብዙውን ጊዜ አላሳፈሩትም። አንድ ቀን ብቻ አንድ የጥርስ ሐኪም እሱ ዓሣ ነው ብሎ በጠቆመው የሰጠመ ጎማ ላይ ግማሽ ሰዓት ሙሉ መንጠቆ ሲወረውር ቆየ። «ይኼኛው ኩሩ ነው» አለው ዴልመር፤ ሐኪሙም በአክብሮት መንጠቆውን ወደ ሌላ ስፍራ ወረወረ።

ሙቀቱ ሲበረታ ዓሣው ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ውኃው ጥርት ያለ በመሆኑም ዓሣው የሚበላው ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። በጨለማ ደግሞ ሁሉም በጣቱ ነው የሚያጠምደው። እንዲህ ያለ መልካም ሐምሌ ዴልመርን ገጥሞት አያውቅም። በጥቅምትም ባስ ትንንሽ ዓሦችን ወደ ላይ እያሳደደ ውኃውን ሲያንቦጫርቅ በጆሮው ተከተለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እስከ ገና ድረስ ይህን የመሰለ ዓይን በሐይቁ ዙሪያ የለም ሲባል ዝም ብሎ ሰማ።

ጥር ግን የዓይን ወር ነው።

ውኃው ሲቀዘቅዝ ባስ በመካከለኛው ጥልቀት ላይ ሳይነቃነቅ ተንሳፎ ይቆያል። መንጠቆ ያለባት፣ ከዳክዬ ላባ የተሠራች ትንሽ ዝንብ ክሩ ላይ ከሚንሳፈፈው ቡሽ ስምንት ክንድ ያህል ዝቅ ብላ ትንጠለጠላለች፤ ማዕበሉ ያወዛውዛታል። ጀማሪ ቡሹ እስኪሰምጥ ይጠብቃል። ባስ ግን ዝንቧን ከሥር ጎርሶ ወደ ላይ ስለሚወጣ ክሩ ይላላል፣ ቡሹም እንደ ደከመው ሰው በጎኑ ይጋደማል። አስጠማጁ ያን አይቶ «አሁን» ማለት አለበት። ሁለት ሰከንድ ከዘገየ ዓሣው ላባ መሆኑን አውቆ ይተፋዋል።

ሚስ ሮዌና ሂክስ ጡረታ የወጣች የመሬት ቀያሽ ናት። ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በጥር ሁለተኛ ሳምንት ከናሽቪል ሳትመጣ ቀርታ አታውቅም። በዚያ ዓመትም በአንዱ ጠዋት የአሳማ ሥጋ የገባበት ዳቦና ፔርሙሷን ይዛ ከጀልባው ፊት ተቀመጠች፤ ገደሉ ሥር ደርሰው ቡሹን ወረወረች።

«አሁን» አለ ዴልመር።

የማጥመጃ ዘንጓ አስቀድሞ ጎብጦ ነበር።

ዓሣውን አውጥታ መልሳ ከለቀቀችው በኋላ፣ «ስንት ሰከንድ ዘገየሁ?» ሲል ጠየቃት።

«ዛሬ ነው ወይስ በጠቅላላው?»

«ሚስ ሮዌና፣ አይቀልዱብኝ።»

«አምና በእርስዎ ጥሪ የያዝኩት አንድም የለም። ካቻምና ምናልባት ሁለት።» ዳቦዋን ቆረሰች። «እኔ ራሴ እያየሁ ነው የምስበው። እርስዎ ደግሞ በኋላ ይባርኩታል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም? እኔ ድንበር ስለካ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ጎረቤት አጥሩን ወዴት እንደገፋ ሳላይ ቀርቼ አላውቅም።»

ዴልመር ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ሌላው ገደል አመራ። ከጥቂት ቀናት በፊት ዘንቦ ስለነበር ወንዞቹ ግንድ አምጥተው ሐይቁ ላይ በትነውታል።

«ወደ ግራ» አለች ሚስ ሮዌና።

ዴልመር ፊት ለፊቱን ተመለከተ፤ ባዶ ውኃ ነበር።

«ግራ፣ ዴልመር።»

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት «አቶ»ን ጥላ ጠርታው አታውቅምና መሪውን ያዞረው ለዚያ ነበር። የጀልባውን ርዝመት የሚያህል ግንድ በቀኙ በኩል፣ ዓይኑ ዛሬም በሚያይበት ዳርቻ፣ በጸጥታ አለፈ። ዴልመር ሞተሩን አጠፋ። አርባ አንድ ዓመት ሰው ሲያመላልስ የአንድም ደንበኛ ካልሲ ረጥቦ አያውቅም። የኩራቱ ሁሉ መሠረት ዓሣው ሳይሆን ይህ ነበር።

ከዚያም ተነሥቶ ከመሪው ራቀና በደንበኛው ወንበር ተቀመጠ። በዚያ ሐይቅ የአስጠማጅን መሪ ሌላ ሰው አይነካም፤ የመንደሩ ቄስ እንኳ ጠይቀው ተከልክለዋል።

«እኔ ነድቼ አላውቅም» አለች ሚስ ሮዌና።

«እኔም ከመጋቢት ወዲህ አልነዳሁም፤ ስገምት ነው የከረምኩት። ይያዙት፣ መንገዱን እነግርዎታለሁ።»

ነገራት። ኮረብታው ትከሻዎ ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ፤ እዚህ በአያቴ ጎተራ ላይ ነን፣ ጥልቅ ነው፣ አይፍሩ፤ አሁን ደግሞ በአጥሩ በኩል ቀስ ይበሉ። እሷ ግንዱን፣ እሱ የማይታየውን እያዩ ወደ ማቆሚያው ደረሱ። ቡፎርድና ሦስት አስጠማጆች የቡና ኩባያ ይዘው የማቆሚያውን አጥር ተደግፈው ነበር። ጀልባው ጠማማ ገብቶ ከመከላከያው ጎማ ጋር ተላተመ። አንድም ሰው አልሳቀም።

«ታመምክ እንዴ?» አለ ቡፎርድ።

«ዓይኔ ነው።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከመጋቢት።»

«በሚያዝያ አማቼን ይዘህ ወጥተህ አልነበር?»

«ወጥቻለሁ።»

ቡፎርድ ጥቂት አሰበ። «እሱስ ግድ የለም» አለ።

ዴልመር በማቆሚያው ቢሮ ውስጥ ግድግዳው ላይ ካለው ስልክ አጠገብ ቆመ። ሚስ ሮዌና የደንበኞቹን ቁጥር ስታነብለት ለእያንዳንዱ አንድ ዓይነት ነገር ተናገረ፦ ዓይኔ ደክሟል፤ ሐይቁን አውቀዋለሁ፣ ነገር ግን ጀልባ የሚነዳና ቡሽ የሚያይ ሰው ይዘው ካልመጡ አልወጣም። አራቱ እንመጣለን አሉ። ሦስቱ በትሕትና ሌላ አስጠማጅ እንዲጠቁማቸው ለመኑት።

ዴልመር ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያም ውጭ የቆሙትን ሦስቱን አስጠማጆች በየስማቸው እየጠራ፣ የአንዱን ትዕግሥት፣ የሌላውን እጅ፣ የሦስተኛውን የዓይን ጥራት፣ ፊት ለፊት አንዲት ቃል ሳይተነፍስላቸው የኖረውን ሁሉ ዘርዝሮ አመሰገነ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ሦስቱም አጥሩ ላይ እንደተደገፉ ኩባያቸውን ትኩር ብለው ያዩ ነበር።