ለሥዕሌ ብዬ የቆረጥኋት የወይራ ቅርንጫፍ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ሁለት ጊዜ ቀርቤ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሆዳምነቴ አውርቼ ተመልሻለሁ። አንተ ግን አታውቀኝምና ስማኝ።

ጥፋቴ ከጓዳ ነው የጀመረው። ጡረታ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የዘይት ቀለም ሥዕል እማር ነበር። በዕድሜ የልጅ ልጄ የምትሆን መምህርቴ ነጃት፣ ቀለሙን በተልባ ዘይት እንድናቀጥን ነግራናለች። እኔ አዋቂው፣ ዘይት ያው ዘይት ነው ብዬ ከሚስቴ ጓዳ የኑግ ዘይት በብልቃጥ ቀድቼ ሄድሁ። ዕድሜ ልኩን ሒሳብ ያስተማረ ጭንቅላት!

የምሥለው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ሰማዩን በዚያ በኑግ ዘይት ቀብቼ ሳምንት አቆየሁት፤ አልደረቀም። በሳምንቱ ከደኑ ፊት ተቀምጬ ቀና ብል፣ ከትልቁ ወይራ ወደ ግራ የወጣችውን ቅርንጫፍ ረስቻታለሁ። ልጨምራት ስሞክር ከሰማዩ ጋር ተለውሳ ጭቃ ሆነች። ፍቄ አነሣኋት። ነጃት ልታየው ልትመጣ ነው፤ ባለፈው "ጋሼ፣ ያዩትን ይሣሉ እንጂ የፈለጉትን አይሣሉ" ብላ ክፍሉን ሁሉ አስቃብኛለች።

የደኑ ጠባቂ አያ ሞላ መጣ። ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ከሰዓት ነበር።

"መምህር፣ አስቀድሼ እስክመጣ ዓይንዎን ጣል ያድርጉልኝ" ብሎ ገጀራውን ከጎጆው ደጃፍ አስደግፎ ቤተ ክርስቲያን ገባ።

ሥዕሉን ማረም አልቻልሁም። ታዲያ ምን አደረግሁ? ዛፉን አረምሁት።

ከዚያ ደን የወደቀ ጭራሮ እንኳ ደፍሮ የሚያነሣ የለም። እኔ ግን ቆረጥሁ። በአደራ የተተወልኝን፣ በባለአደራው ገጀራ እኔው ቆረጥሁ። ቡሩሽ ስይዝ የሚንቀጠቀጠው እጄ ያን ቀን ጸጥ አለ። በየምቱ መሀል የካህናቱን ዜማ እያዳመጥሁ፣ ሳያልቅ ልጨርስ ተጣደፍሁ። ቅርንጫፏን ቁጥቋጦ ውስጥ ጎትቼ፣ ገጀራውን ከቦታው መልሼ ተቀመጥሁ።

ነጃት መጣች። ሸራውን አየች፤ ዛፉን አየች።

"ጋሼ፣ ዛሬስ ያዩትን ሣሉ!"

ደስ አለኝ። አየህ? ደስ አለኝ!

ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ የዛፉ ቁስል ገና ነጭ ነበር። ገጀራው ላይ እርጥብ ልጣጭ ተገኘ።

"ለማን ሸጥኸው?" አሉት አንድ ሽማግሌ።

አያ ሞላ፣ "ኧረ በሥላሴ! መምህርን ጠይቋቸው፣ እዚሁ ነበሩ" አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ካልሲዬ ውስጥ የገባ የእንጨት ፍቅፋቂ ይወጋኛል። ሰው አየው ይሆን? አፌን ከፈትሁ፤ እውነቱ ጥርሴ ድረስ መጥቷል።

"ሥዕሌ ላይ አቀርቅሬ ምንም አላየሁም" አልሁ።

ማን አለ? እኔ። ቆራጩ እኔ፣ ጠባቂው እኔ፣ ምስክሩም እኔ።

አያ ሞላን ከጥበቃው አነሡት። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ የሸጠ ተባለ። ሮብ ገበያ የምትባል ከተማ ልጁ ዘንድ ሊገባ ጓዙን ሸክፎ ሊሰናበተኝ መጣ።

"መምህር፣ ሌላው የፈለገውን ይበል። እርስዎም እኔ ነኝ ብለው ያምናሉ?" አለኝ።

ሳል እንደያዘው ሰው አሳልሁ። እስኪሄድ ድረስ አሳልሁ።

እርጅና ነው አልልም፤ ደንግጬ ነው አልልም። ይቅር በለኝም አልልህ፤ የተበደልኸው አንተ አይደለህም። ለአያ ሞላ ያለብኝ የአንዲት ጥያቄ መልስ ነው። መንገዱ ሩቅ ነው እንዳልል፣ የሮብ ገበያ ሚኒባስ በደጃፌ ያልፋል።