የሂሩት ጿሚ ገብስ

ሐሙስ ንጋት፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ

የኅዳር ውርጭ መሬቱን ነጭ አልብሶታል። ሚኒባሱ ገና አልሞላም፤ ረዳቱ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ "አንኮበር፣ አንኮበር" ይላል። እኔ ባዶ ኬሻዎች፣ ሚዛንና ማጭድ ታቅፌ መስኮቱ ጥግ ተቀምጫለሁ። ለምን ይዋሻል፣ ከብርዱ ይልቅ ያንቀጠቀጠኝ ቅናት ነው።

ሂሩት ትናንት የመመረቂያ ጽሑፏን በፈታኞች ፊት ተከላክላ ዲፌንሷን ጨረሰች። ሂሩት ማለት ለእርሻ ሳይንስ ማስተርስ አብራኝ የገባች የክፍሌ ልጅ ናት። አማካሪያችን አንድ ነው፣ ሁለታችንም የምናጠናው ገብስ ነው፣ የሙከራ ማሳችን እንኳ አንኮበር በአንድ ገበሬ መሬት ላይ ጎን ለጎን ነው። እሷ ማዳበሪያ በገባበትና ባልገባበት ገብስ ላይ የቅጠሉን በሽታ ቆጥራ ጨረሰች፤ እኔ ምርቱን እስክመዝን መጠበቅ ነበረብኝ። ፈታኞቹ ሲያጨበጭቡላት እኔም አጨበጨብኩ፤ መዳፌ ነው እንጂ ሆዴስ አላጨበጨበም። ከአዳራሹ ስንወጣ አማካሪያችን ወደ እኔ ዞር ብሎ የምርቱን መጠን እስከ ሰኞ ካላመጣሁ ለዘንድሮ ምርቃት እንደማልደርስ ነገረኝ። ገብስ ደግሞ እንደገና ልዝራህ ቢሉት የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል። የማስተምርበት ትምህርት ቤት የሰጠኝ ፈቃድ እስከዚያ አይዘልቅም።

መንገድ ላይ

ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ጠየቀ፤ ተጨቃጨቅን፣ ተሳደብን፣ ከፈልን። ከከተማው ወጣ እንዳልን የኩበት ቁልል፣ የድንጋይ ካብ፣ የባሕር ዛፍ አጣና፣ ጋቢ ተከናንበው የሚያጭዱ ሰዎች ይታያሉ። ወደ ገደሉ ስንጠጋ ጭላዳዎች ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ከነሱም ቀናሁ፤ ዲፌንስ የለባቸውም።

አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ ዘሀራ ከደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ገዝተው አልዩ አምባ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ኬሻዎቼን አይተው ከገብስ ተማሪዎቹ ወገን መሆኔን ጠየቁኝ። አዎ ስላቸው ፊታቸው በራ፤ ያቺ ሂሩት እንዴት ናት አሉኝ። ገበያ ወርዳ የገብስ ዓይነት ስትጠይቅ ተዋውቀው ቤታቸው ምሳ በልታ ነበር። ጨረሰች ብዬ ነገርኳቸው። "አልሐምዱሊላህ! ያቺ ልጅ አላህ ይጨምርላት" አሉ። እኔ መቼ እንደምጨርስ ግን አልጠየቁኝም።

ቀትር፣ አንኮበር

ጎረቤላ ከተማ ላይ ከሚኒባሱ ወርጄ በእግሬ ቁልቁል ወደ ጋሼ በዛብህ ቤት ተጓዝኩ። ማሳችን ያለው በሳቸው መሬት ላይ ነው። ገና በሩ ላይ ሳለሁ "አቶ ተማሪው፣ ሂሩትን የት ጥለሃት መጣህ?" አሉኝ። ጨርሳለች አልኳቸው። ጾሙ ስለገባ ባለቤታቸው እትዬ አሰገደች የገብስ እንጀራ በስልጆ አቀረቡልኝ፤ ሰናፍጩ አፍንጫዬን ሰነጠቀው። በቅናት የመጣውን እንባ በስልጆው አሳበብኩ።

ከዚያ ወደ ማሳው ሄድን። ነገሩ ቀላል ነው፤ ግማሹ መደብ ማዳበሪያ ይገባበታል፣ ግማሹ አይገባበትም። ሁለቱን አጭዶ መዝኖ ልዩነቱን መጻፍ ነው፤ ማስተርሴ ያ ልዩነት ነው። ማዳበሪያ የማይገባባቸውን በክረምቱ መጀመሪያ ለጋሼ በዛብህና ለእትዬ አሰገደች አሳይቼ "ይህ ማነጻጸሪያ ነው" ብያቸው ነበር፤ እሺ ብለውኛል።

ገብሱን አየሁት። ማዳበሪያ ያላገባሁበትም እንዳገባሁበት አገዳው ወፍሮ፣ ዛላው ጎንብሶ ቆሟል። እትዬ አሰገደች ከኋላዬ ሆነው ፈገግ አሉ።

"በነሐሴ ሳየው መንምኖ ነበር፣ ልጄ። ፍግና አመድ በጀርባዬ እያመላለስኩ አበላሁልህ። የእንግዳ እህል በደጃችን ተርቦ ሲታይ ሰው ምን ይለናል?"

እግዜር ይስጥልኝ አልኩና ማሳው ዳር ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ልዩነት ከሌለ ዘንድሮ አበቃ። ቀና ስል የሂሩት መደቦች ታዩኝ። ማዳበሪያ ያልገባባቸው እንደመነመኑ፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ሳይታጨዱ ቆመዋል። የሷን ለምን እንዳልመገቡላት እትዬ አሰገደችን ጠየቅኳቸው።

"እሷማ ይሄኛው ጿሚ ነው ብላናለች" አሉ። "ጿሚን ማን ያስገድፋል?"

እንዴት ያለ ነገር ነው! በዲፌንሱ መቅደሟ አንሶ ይህችን ቃል ደግሞ እሷ ታግኛት? እኔም እኮ እጾማለሁ።

ግን ዘሩ አንድ ነው፣ አፈሩ አንድ ነው፣ የዘራነውም በአንድ ቀን ነው። ሂሩት ደግሞ ፍሬውን አትፈልገውም። የሚያድነኝ እሱ ብቻ መሆኑን አውቄዋለሁ፤ አውቄም ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥቼ ስልኩን በእጄ ሳገላብጥ ቆየሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ እኔን የምትለምንበትን ቀን ስመኝ ነበር። በመጨረሻ ደወልኩ። መደቦቼ ተበላሹ፣ ያንቺን ልጨድ ወይ አልኳት። ያንተ ምን ሆነ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። "እጨድ እንጂ፣ እኔን ምን ታስፈቅደኛለህ? ብቻ የማን መደብ እንደሆነ በግልጽ ጻፈው" አለችኝ። አማካሪያችንም ስደውልለት ያንኑ አለኝ።

ዓርብ፣ ማሳው ላይ

ጋሼ በዛብህ ወገባቸውን በነጠላ አስረው አብረውኝ አጨዱ። በዱላ ወቃን፣ በሰፌድ አበጠርን፣ መዘንን። የሂሩት ጿሚና የኔ ጠጋቢ ልዩነታቸው ቁልጭ ብሎ ወጣ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ብሎኛልም፣ ግን የመመረቂያ ጽሑፌ ግማሽ የሷ መሆኑ እንደ እሾህ ይወጋኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

መንገዱን ሁሉ ሂሩት ላይ እንከን ስፈልግ መጣሁ። እንድጠላት አንድ ነገር ብታደርግ ምን ነበረበት? ሚኒባሱ ሲቆም ጭራሽ ባለጋሪ ይዛ ትጠብቀኛለች። የኬሻውን አንድ ጫፍ ያዘች፣ ሌላውን እኔ ያዝኩ።

ያኔ ነው መደቦችህን ምን ነካቸው ብላ የጠየቀችኝ። የእትዬ አሰገደችን ፍግና አመድ ነገርኳት፤ ትስቃለች ብዬ ነበር። ኬሻውን መልሳ አወረደችው።

"በጀርባቸው ተሸክመው? ለአንተ?"

"ለኔ።"

"እኔ ከሳቸው ጋር ስንት ቀን አድሬያለሁ፣ አብሬ አርሜያለሁ" አለች፣ ዓይኗን ከኬሻው ሳትነቅል። "የኔንስ መንምኖ እያዩት ዝም አሉት።"

ጿሚ ነው ብለሻቸው ነው እኮ ልላት እችል ነበር። አላልኳትም። ፊቷን አየሁት፤ ያንን ፊት ሁለት ዓመት ሙሉ በመስታወት ሳየው ስለኖርኩ አልጠፋኝም። ሂሩት ቀንታብኛለች። ኬሻውን ብቻዬን ብድግ አድርጌ ጋሪው ላይ ጫንኩት።