ከኮሮጆው የወጣ አንድ ድምፅ

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ የምርጫ ክልላችንን ታሪክ እያሰባሰብኩ ነበር። ከመሰላ እስከ መቻራ ስዞር ከሰው ጋር የማወራው ለመጠየቅ ብቻ ነው። ጭሮ ወዳለው የኪራይ ክፍሌ ስመለስ ደግሞ እኔን የሚጠይቅ አልነበረም።

የዚያን ቀን የሄድኩት በአንዲት ትንሽ ከተማ ምርጫ አስፈጻሚ ወደነበሩ፣ አሁን ጭሮ ወደሚኖሩ አዛውንት ቤት ነው። ያኖሩትን የአንድ የድሮ ምርጫ ውጤት ቅጂ አወጡልኝ። ሁሉም ድምፅ ለአሸናፊው ነው፤ ለተፎካካሪው አንድ ብቻ።

ወረቀቱ እንደ ደንቡ ጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ፣ ከተማው ያን አንድ ሰው ይፈልግ ጀመር አሉኝ። በየበርጫው፣ ጫት በሚቃምበት ሁሉ፣ ስም ተነሳ። በመጨረሻ ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረ፣ ጫት የማይቅም ልብስ ሰፊ ላይ ተስማሙ። ማንም አልሰደበውም። ልብስ የሚያሰፋ ብቻ ጠፋ። ለዒድ እንኳ አንድ ሱሪ ሳይመጣለት ሲቀር፣ የስፌት መኪናውን ጭኖ ቦርደዴ ከተማ ገባ።

«እሱ አልነበረም» አሉ ወረቀቱን እያጠፉ። «እኔ ነበርኩ። ቆጥሬ፣ ፈርሜ፣ የለጠፍኩትም እኔው ነኝ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «ጻፊው፤ ግን እኔ ከሞትኩ በኋላ ይታወቅ» አሉኝ። ልብስ ሰፊው በሕይወት እንዳለ ጠየቅኳቸው። «አለ፤ እንደኔው አርጅቷል» አሉ። ሰው ፊት ቃል የሚያጥረኝ ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን አመለጠኝ።

«አባባ፣ እሳቸው ቀድመው ቢሞቱስ?»

ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቦርደዴ ለመሄድ መናኸሪያ እንደምገኝ ነግሬያቸው ወጣሁ። ማታ ክፍሌ ገብቼ ሳስበው፣ ሽማግሌ አስቀይሜ የመጣሁ መሰለኝ። የማማክረው ሰው ባስብ፣ ባስብ፣ አንድም አልመጣልኝም።

በማግስቱ ሚኒባሱ ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው አዛውንቱ መጡ። ብብታቸው ሥር የታጠፈ፣ መቀስ ያልነካው ጨርቅ ይዘዋል።

«ሱሪ ላሰፋ ነው» አሉ። «ለዚያ ዒድ የገዛሁት ነው። ያኔ ቀጭን ነበርኩ፤ አሁን ይበቃኝ እንደሆነ እንጃ።»

በመስኮቱ በኩል ያለውን ቦታ ለቀቅኩላቸው። ጨርቁን ተቀብዬ ጭኔ ላይ አኖርኩት። ደብተሬን ከቦርሳዬ አላወጣሁም።